ለአባቴ የጨመርኩለት ሁለት ዲግሪ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የቤቱን በር ቫርኒሽ ቀብቶ እንዲደርቅለት ኮሪደሩ ላይ አቆመው። ከሥራ ስመለስ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሽታው አገኘኝ። ቫርኒሹ ብቻውን ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር፤ ሰውየው ግን ብሩሹን በቤንዚን ሲያጥብ ቆይቶ ኖሮ ሁለቱ ሽታዎች ተደባልቀው ደረጃውን ሞልተውታል። የያዝኩትን ፌስታል መሬት አስቀምጬ የደረጃውን ብረት ጨበጥኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የፈራሁት ፍርሃት ምንም ሳይቀንስ ተመልሶ መጣብኝ።

ያን ዓመት የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነበር። አባቴ አበራ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት በማሽን እያዞረ፣ ለሰው መኪና ዕቃ ሲቀርጽ ይውላል። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ከሥራ መልስና በየእሁዱ አባቴ ግቢያችን ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር መጫወቻ ይመስላቸዋል። መጫወቻ አልነበረም። አንድ ሰው የሚይዝ፣ አካሉ ከተበየደ ቱቦ የተሠራ፣ ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ፣ ክንፉ በሸራ ተለብጦ ቫርኒሽ የጠጣ ነገር ነው። ክንፎቹ ሲገጠሙ ከአጥሩ እስከ ውሃው ሮቶ ይደርሳሉ፤ እማዬ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ በእነሱ ምክንያት ሦስቴ ቦታ ቀይሯል።

እንጨት እንጨቱን የሚሠሩለት ጋሽ ቱፋ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ሳይመጡ በፊት እዚያው አካባቢ ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው ቀንበርና ሞፈር፣ በኋላ በርና አልጋ ሲሠሩ ያረጁ አናጢ ናቸው። አንድ ቀን አባቴ የሚያስጠርበው እንጨት ይዞ ሄዶ ምን ሊሠራ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው "አንተ ልጅ፣ ታምመሃል?" አሉት፤ በማግስቱ ግን ራሳቸው ግቢያችን መጡ። ከዚያ ወዲያ አልቀሩም።

ፕሮፔለሩን የጠረቡት እሳቸው ናቸው። የዋንዛ ሳንቃ በኮላ ደራርበው አጣብቀው ሁለት ረጃጅም ነገሮች አወጡ፤ "መቅዘፊያ" አሏቸው፤ እኛም መቅዘፊያ አልናቸው። አባቴ ሁለቱን መሀል ላይ የሚያቅፋቸውን ብረት በቶርኖ አወጣ። ብረቱ ስምንት ቡሎን አለው። ቡሎኖቹ ሲላሉ እያንዳንዱ መቅዘፊያ ለብቻው ሊዞር፣ ዘንበል ወይም ቀና ሊደረግ ይችላል። ሲጠብቁ እንደተደረገ ይቀራል። ማዘንበሉ ሲበዛ መቅዘፊያው አየሩን ብዙ ስለሚዝቅ ሞተሩ ይደክማል፤ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል እንጂ አውሮፕላኑ አይሳብም። ትክክለኛው ልክ የት እንደሆነ የሚታወቀው እየሞከሩ ነው። ይህን ሁሉ ግን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው የእኔን ሥራ ብቻ ነበር።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነው። አባቴ የተማሪ ፕሮትራክተር በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በብሎን አስሮ፣ መሀሉ ላይ ክር አንጠልጥሎ፣ ክሩ ጫፍ ላይ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ትንሽ ዳዶ አስሮበታል። እንጨቱ መቅዘፊያው ጀርባ ላይ ሲደረግ ክሩ ቀጥ ብሎ ይወርድና አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ያን ቁጥር ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ዕቃውን "ልክ መንገሪያ" ነው የምንለው። የአባቴን ቀኝ ዓይን ከዓመታት በፊት የብረት ፍንጣሪ መትቶታል፤ ግራውም ቢሆን ለደቃቅ ነገር ብዙ አይተርፍም፤ ደግሞ አንድ እጁ መቅዘፊያውን፣ ሌላው መፍቻውን ይይዛል። ጋሽ ቱፋ "ለእኔ ጉንዳን ነው የሚመስለኝ" ብለው ትተውታል። ስለዚህ ቀረሁ እኔ። በትምህርት ቤት ማዕዘን የሚባል ነገር ገና አልተማርንም ነበር። ክሩ የነካውን ማንበብ ግን እችላለሁ፤ እኮራበትም ነበር።

አንድ የኅዳር እሁድ የእናቴ ወንድም ጋሼ ንጉሤ ሊጠይቀን መጣ። ጋሼ ከተማ ውስጥ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሳቸው ሁለት ፎቶዎች ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ እማዬ እንግዳ ሲመጣ በጣቷ እያሳየች "ሁለት ዲግሪ ነው ያለው" ትላለች። ያን ቀን ጋሼ አውሮፕላኑን ዞሮ አይቶ ሲያበቃ እጁን በመሀረብ ጠረገ።

"አበራ፣ እንዳትቀየመኝ" አለ፣ "ይሄ እኮ ዲግሪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እህቴን ያለ ባል፣ ልጅቱን ያለ አባት እንዳታስቀራቸው።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ጎማው ንጹሕ ነበር። እማዬም ወንድሟን አላስቆመችም።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሞተሩን ሞከሩት። የአውሮፕላኑን ጭራ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር በገመድ አሰሩ፤ ገመዱ መሀል ከሥጋ ቤት የተዋሱትን ተንጠልጣይ ሚዛን አስገቡበት። ፕሮፔለሩ ምን ያህል እንደሚስብ ሚዛኑ ይናገራል። አባቴ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጮኸ፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ የሚዛኑ መርፌ ግን ትንሽ ብቻ ተነቃንቆ ቆመ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በእጁ የነበረውን ጨርቅ መሬት ወረወረ።

"ሁለት ዲግሪ ይጎድላል" አለ ለጋሽ ቱፋ። "ሌላ ምንም አይደለም። ሁለት ዲግሪ።"

እዚያው የውሃ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነበር። ፊቴ ሲሞቅ ይታወቀኛል። ጋሼ በሌለበት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አባዬ በገዛ አፉ ሁለት ዲግሪ እንደሚጎድለው ለጋሽ ቱፋ መናገሩ አሳፈረኝ። የሚያሳዝነው ደግሞ ጋሽ ቱፋ "እንጨምርለታ" አሉ፤ ጨው እንደሚጨመር ነገር።

ለካ መጨመር ይቻላል! በማግስቱ ጠዋት ጠርተውኝ ልክ መንገሪያውን ይዤ ስቆም ነው የገባኝ። ዲግሪ የሚባለው እዚህ ክር ሥር ያለው ቁጥር ነው። ጋሼ ጥቁር ካባ ለብሶ ሄዶ የሚያመጣውን አባዬ በመፍቻ ያመጣዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው መቅዘፊያ አሥራ ሁለት ላይ ነበር። አባቴ ቡሎኖቹን አላልቶ ቀስ ብሎ ገፋው፤ "ስንት?" ይላል፤ "አሥራ ሦስት"፤ "ስንት?" "አሥራ አራት።" "በቃ!" ጋሽ ቱፋ ያዙት፤ አባቴ አጠበቀ። የተጎተተው መፍቻ ሲንቋቋ እስካሁን ይሰማኛል።

ሁለተኛውን ጀመሩ። ክሩ አሥራ ሦስት ላይ ደረሰ፤ አሥራ ሦስት አልኩ። ከዚያ ጋሼ ትዝ አለኝ። አሁን ባለው ሂሳብ አባዬ ሁለት ቢያገኝ ከጋሼ ጋር እኩል ነው፤ ጋሼ ደግሞ እኩል ሲሆኑ ዝም የሚል ሰው አይደለም። አራት ቢኖረውስ? ክሩ አሥራ አራትን ነካ፤ ዝም አልኩ።

"ስንት?"

"አሥራ ሦስት... ትንሽ ነው የቀረው።"

ገፋው። አሥራ አምስት።

"አሁንስ?"

"ትንሽ።"

አሥራ ስድስት ላይ ሲያርፍ "አሥራ አራት! በቃ!" ብዬ ጮህኩ። አባዬ በደስታዬ ሳቀ። አጠበቀው። እስከ ምሳ ድረስ ፊቱን እየሰረቅኩ አየሁት፤ የተለወጠ ነገር መኖሩን ለማወቅ።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነሡት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ነዳጁን ሲጨምርበት አውሮፕላኑ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ። የክንፉ ሸራ ተርገበገበ፤ ባሕር ዛፉ ላይ የታሰረው ሚዛን ዘለለ፤ የአባቴ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁ። አጠፋው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የደብረ ዘይት መንገድ የጭነት መኪኖች ድምፅ ብቻ ነበር።

"ሰናይት፣ ነይ" አለ አባዬ። "እንደገና እንለካ።"

የመጀመሪያው አሥራ አራት። ፕሮፔለሩን አዙሮ ሁለተኛውን በዚያው ቦታ አደረገው። ክሩ ትንሽ ተወዛወዘና አሥራ ስድስት ላይ ቆመ። ቀና ስል አባዬ ያየኛል፤ ጋሽ ቱፋ ያዩኛል፤ እማዬም የታጠበ ልብስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ስለ ካባና ስለ ጋሼ ማሰቤን ትቼ ነበር። የማስበው ጠዋት ካልኩት የተለየ ነገር አሁን ካልኩ ምን እንደሚከተል ነው።

"አሥራ አራት" አልኩ።

የመጀመሪያው ስጦታ ነበር። ይሄኛው ውሸት ነው። ልዩነታቸውን ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመልጥበትም።

አባዬ ወደ ጋሽ ቱፋ ዞረ። "ልኩ ልክ ነው። እንግዲህ የቀረው እንጨቱ ነው።"

"እንጨቱ ምን ሆነ?"

"አንዱ ከሌላው ይከብዳል።"

"አበራ፣ በክር አንጠልጥዬ ያሳየሁህ አንተን አይደለም? ዝንብ ቢያርፍበት ያዘነብል ነበር።"

"ያኔ ሳይደርቅ ይሆናላ። አንቱም ሰው ነዎት፣ ይሳሳታሉ።"

ጋሽ ቱፋ ወደ መሣሪያቸው ጎንበስ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨመረም። "እርጥብ እንጨት ሰጥቼ ልገድልህ ነበር ነው የምትለኝ?" አሉ። መጋዛቸውንና መላጊያቸውን ሰብስበው ጆንያቸው ውስጥ አስገቡ፤ አንዱ መሮ እኔ እግር ሥር ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ሰጠኋቸው። "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው ሲያመሰግኑኝ እሪ ብዬ ማልቀስ አማረኝ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ብቻውን ሠራ። ከጭነት መኪና ጎማ ቆርጦ የሞተሩን መቀመጫ ቀየረ፤ መንቀጥቀጡ ጋብ አለ፣ ግን አልጠፋም። "ጎማው ሲለማመድ ይውጠዋል" ይላል፤ ለማን እንደሚል አላውቅም፤ እማዬ መስማት አቁማ ነበር። በግቢው ስታልፍ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ነው የምታልፈው። የሚበርበት ቀን ተቆርጧል፤ የሚቀጥለው እሁድ። ቦታው የጋሽ ቱፋ ወንድም ማሳ ነው፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ መውጫ፤ ጤፉ ታጭዶ ባዶ ሆኗል። ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ስለሚያወጣ፣ ከጠቡ በፊት ጋሽ ቱፋና እኔ በየቅዳሜው እየሄድን ስንጥቁን በአፈር ሞልተን ስንረግጥ ነበር። አሁን ግን ይከለክሉናል ብለን ፈራን። ጋሽ ቱፋ ግን መልእክት ላኩ፤ "ማሳውን በቃሌ ሰጥቻለሁ፣ ይምጣ።"

አርብ ዕለት ከእማዬ ጋር ቃሊቲ ሄደን በሚኒባስ ስንመለስ ጋሽ ቱፋ ተሳፈሩ። ያለው ቦታ ከእኛ አጠገብ፣ መስኮቱ ጥግ ብቻ ነበር። እኔ መሀል ሆንኩ። ጥቂት እንደሄድን እማዬ ፊት ለፊት እያየች ተናገረች።

"ጋሽ ቱፋ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እሁድ ይሞታል?"

እንዲህ ያለ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ረዳቱ ሳንቲሙን ማንኳኳት ያቆመ መሰለኝ።

"የእኔ እንጨት አይገድለውም" አሉ ጋሽ ቱፋ። "ሌላውን አላውቅም፣ ልጄ። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ምኑ እንደሆነ ባውቅ ተቀይሜም ቢሆን እነግረው ነበር።"

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ያገኘሁት ግን ጥያቄ ነው።

"ጋሽ ቱፋ፣ ዲግሪ ምንድን ነው?"

"አባትሽ የሚለው? እጅሽን አምጪ።" አንጓዬን ይዘው እጄን በመስኮቱ አወጡት። "ዘርጊው፤ እንደ ሳንቃ።" ነፋሱ ከላይና ከታች አልፎ ሄደ። "አሁን ትንሽ ቀና አድርጊው።" ቀና ሳደርገው ነፋሱ መዳፌን ወደ ላይ ገፋው፤ ክንዴ ሊነሣ ፈለገ። "ጨምሪ።" ጨመርኩ፤ ነፋሱ ክንዴን ወደ ኋላ ወሰደው፣ ትከሻዬ ድረስ አመመኝ።

"እጅ ወደ ውስጥ! እጅ!" ረዳቱ ጮኸ።

"ያ ማዘንበል ነው ዲግሪ የሚሉት" አሉ እጄን እየመለሱ። "እኛ ዘንበል እንላለን፣ እነሱ ቁጥር ይሰጡታል።"

"አንዱ እጅ ትንሽ፣ አንዱ እጅ ብዙ ቢሆንስ?"

"ያኔማ ይጣላሉ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይለግማል። ሞተሩን ከነመቀመጫው ነቅለው ይጥሉታል።"

አልገባኝም ማለት አልቻልኩም። እጄ ገብቶታል። እስከምንወርድ ድረስ መዳፌን ጉልበቴ መሀል አድርጌ ጨምቄ ያዝኩት።

ቅዳሜ ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። "አባዬ?" ስለው "ወዬ!" ይላል፤ ድምፁ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሎት ነበርና "ምንም" እላለሁ። ምሳ ሊበላ ሲገባ ሌላ ነገር አሰብኩ። ማንም ሳያውቅ ራሴ እመልሰዋለሁ። ትልቁን መፍቻ አንስቼ አንዱ ቡሎን ላይ አስገባሁና ተንጠለጠልኩበት። ምንም። እግሬን ከመሬት አንስቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ። መፍቻው አምልጦ እጄን ልጦኝ መሬት ወደቀ፤ ቡሎኑ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ያጠበቀውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አትፈታውም። ደሜን በቀሚሴ ጠርጌ፣ አባዬ ሲወጣ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ክንፎቹን ፈትተው አውሮፕላኑን በኢሱዙ ጫኑት።

እሁድ ጠዋት ማሳው ላይ ብርድ ነበር። የጤፉ ቃርሚያ ጤዛ ይዞ ቁርጭምጭሚት ያረጥባል። አባዬ የቆዳ ጃኬቱን ለብሷል። "አልሄድም" ስትል የከረመችው እማዬ ከኢሱዙው ሹፌር ጎን ተቀምጣ መጥታለች። ጋሽ ቱፋ ማሳው ዳር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አልቀረቡም፤ አባዬም ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ከማለት በቀር አልሄደም።

ክንፎቹ ተገጠሙ። ጭራው በገመድ ከኢሱዙው ኋላ ጋር ታሰረ፤ አባዬ እጁን ሲያነሣ ሹፌሩ ይለቀዋል። እማዬና እኔን ከክንፉ ጀርባ ራቅ አድርጎ አቆመን። "ፕሮፔለሩ ሲዞር አይታይም" አለኝ፣ ትከሻዬን ይዞ። "የማይታይ ነገር ስለሆነ ወደ ፊቱ እንዳትሄጂ። ምንም ቢሆን።"

ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ። ሞተሩ ተነሣ። ነዳጁን ሲጨምር ያ መንዘፍዘፍ መጣ፤ በእግሬ ሥር አፈሩ ውስጥ ተሰማኝ። የእማዬን እጅ ይዤ ነበር፤ እጇ በረዶ ነው። አባዬ ዞር ብሎ ሹፌሩን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ።

የእማዬን እጅ ለቅቄ ሮጥኩ። ጩኸቷን ሰማሁ፤ ሌላም ጩኸት ሰማሁ፣ የጋሽ ቱፋ ነበር። በክንፉ ሥር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የፕሮፔለሩ ነፋስ ገለባና አፈር ፊቴ ላይ በተነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ የጃኬቱን እጅጌ አገኘሁና በሁለት እጄ ጎተትኩ። "አጥፋው! አጥፋው!" ራሴን እንኳ አልሰማም። እሱ ግን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁ ቁልፉን መታው።

ፕሮፔለሩ እየዘገየ ዘገየና ሁለቱ መቅዘፊያዎች መታየት ጀመሩ።

"አብደሻል?!" አለ አባዬ። እጁን አነሣብኝ፤ መትቶኝ አያውቅም ነበር። "ያ ነገር አንገትሽን ሊቆርጠው ነበር! አላልኩሽም? አላልኩሽም?"

"አሥራ ስድስት ነው" አልኩ።

"ምኑ?"

"አንዱ አሥራ ስድስት ነው። ዋሸሁ።"

የተነሣው እጁ አየር ላይ ቀረ። ከአውሮፕላኑ ወረደ። ልክ መንገሪያውን ከኢሱዙው አመጣ፤ መቅዘፊያው ላይ አድርጎ ደህናውን ዓይኑን ክሩ ላይ ሊያስነካ እስኪቀር ተጠጋ። በጣም ቆየ። አዙሮ ሌላውን ለካ። ከዚያ ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ" አለ።

"አዎ።"

"ለምን?"

ነገርኩት። ስለ ጋሼ ካባ፣ ስለ ሁለቱ ፎቶዎች፣ አራት ካለው ከጋሼ እንደሚበልጥ፣ በኋላ ደግሞ እንደፈራሁ። እማዬ ከኋላዬ ደርሳ ነበር። የሳቅ የሚመስል ድምፅ ወጣት፤ ወዲያው ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። አባዬ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ማሳው ዳር ያሉትን ሽማግሌ እያየ ነበር።

ተነሥቶ ሄደ። የሚናገረውን አንሰማም። ጎንበስ ብሎ የጋሽ ቱፋን ጉልበት ሊይዝ ሲል ብቻ አየን፤ እሳቸው በትከሻው ይዘው ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልተነሣላቸውም፤ እንደገና ያዙት። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ። ተያይዘው ሲመጡ የአባዬ ዓይን ቀልቷል።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ጋሽ ቱፋ፣ "ሚኒባስ ውስጥ የጠየቅሽኝ ለዚህ ነበር?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እኔስ ምን ነካኝ" አሉ፣ "የጠየቀችኝን ልጅ እጅ ይዤ እያለሁ ለምን አልጠየቅኳት።"

አባዬ መፍቻውን አነሣ። ቡሎኖቹን አላላ። ከዚያ ልክ መንገሪያውን ወደ እኔ ዘረጋው።

"አልችልም" አልኩ።

"እኔ ላንብበው" አለች እማዬ።

"አይሆንም" አለ አባዬ። "እሷ ታንብበው።"

አነበብኩ። ክሩን በትንፋሼ እንዳላወዛውዘው አፌን ዘግቼ፣ በአንድ ዓይኔም በሁለት ዓይኔም አየሁት። አሥራ አምስት ተኩል። አሥራ አምስት። አሥራ አራት ከሩብ። አሥራ አራት። አጠበቀ። የመጀመሪያውንም እንደገና አስነበበኝ። አሥራ አራት። "አንተ እየው" አልኩት፤ ለመንኩት፤ "አባዬ፣ በራስህ ዓይን እየው።"

"አንብበሻል አይደል?" አለና መፍቻውን ለሹፌሩ አቀበለው።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ ቱፋ መዳፋቸውን ጭራው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነዳጁ ሲጨምር ጠበቅኩ። ድምፁ ወፍራምና አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ፤ ሸራው ዝም አለ። ጋሽ ቱፋ ዓይናቸውን ገልጠው አባዬን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከኋላው ራቁ። አባዬ እጁን አነሣ። ገመዱ ተለቀቀ።

በጤፉ ቃርሚያ ላይ መጀመሪያ እየተንገጫገጨ፣ ከዚያ እየፈጠነ ሄደ። በልቤ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት እላለሁ፤ አሥራ ሦስት ተኩል ቢሆንስ? ክሩን ነፋስ ነክቶት ቢሆንስ? ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ጃኬት የለበሰ ጀርባ፣ ሁሉም በእኔ አንድ ቃል ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። መታመን እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከጎማዎቹ ሥር ብርሃን ገባ። እማዬ "ኧረ በስመአብ!" አለች። አንድ ሰው የሚያህል ከፍታ፣ ምናልባት ትንሽ ከዚያ በላይ፤ ጥላው ከሥሩ ተነጥሎ መሬቱ ላይ ብቻውን ሮጠ። ማሳው ሊያልቅ ሲል ወረደ፤ አንዴ ነጠረ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ ዘንበል አለና ቆመ።

ሁላችንም ሮጥን፤ እኔ ቀደምኩ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ አባዬ ግን አልወረደም። ይስቃል ብዬ ነበር፤ እጁን ያወዛውዛል ብዬ ነበር። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል። እጆቹ የቀበቶው ማሰሪያ ላይ ናቸው፤ ለመፍታት ይሞክራል፣ ጣቶቹ ይንሸራተቱበታል። ብረት እንደ ሊጥ የሚታዘዛቸው እነዚያ ወፋፍራም ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር። አባዬም ሊፈራ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

"ቆይ" አልኩት። የተላጠውን እጄን ዘርግቼ ማሰሪያውን ፈታሁለት።